የየኔታ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ነፋስ መውጫ፣ አክስቴ ቤት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ከሆዱ ግን ድምፅ ይወጣል፤ ሰው በጥፍሩ ጣሳ እንደሚመታ ያለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ዝም። ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አክስቴ የያዘችውን ጀበና አስቀምጣ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ተለዋወጠብኝ?» አለችኝ። «የኔታ እዚህ ውስጥ ናቸው እኮ» አልኳት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

የኔታ ዜማ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያ በፊት ለአራት ዓመት ያህል፣ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር ደብረ ታቦር ያለው ቤታቸው እየሄድኩ ድምፃቸውን በስልኬ ስቀርጽ ኖሬአለሁ፤ ድጓውን፣ ዝማሬውን፣ ከሁሉም በላይ አቋቋሙን። ተክሌ አቋቋም ሲባል የደብረ ታቦር ሰው ልቡ ይሞላል። አለቃ ገብረ ሐና ፈጥረውት፣ ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረውት፣ ጎንደር አልቀበልም ሲለው ደብረ ታቦር ተቀብሎ ያሳደገው ነው። ያ አንድ ልጅ ባይማረው ኖሮ ዛሬ ስሙም ባልተነሣ። እኔም የምቀርጸው ይህን እያሰብኩ ነበር። ስልኬ ሲሞላ ወደ ላፕቶፑ አስተላልፋለሁ፤ ከስልኩ አጠፋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ አልነበረኝም።

ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ፣ የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። ላፕቶፑን የያዝኩት ግን እዚያ ያሉ የየኔታ የድሮ ተማሪዎች «ድምፃቸውን አሰማን» ስላሉኝ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ፋይሎቹን በየስማቸው ሳደራጅ የጉናን ተራራ ተሻገርን። ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሳሕን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ጫፍ ሳሕኑን አይነካውም፤ ከሳሕኑ ጋር በሚዞረው አየር ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳሕኑ ይጠጋል። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች ዲስኩ እየሠራ ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ብለው ይጽፋሉ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ ደግሞ በትከሻው ነው የሚያልፈው። ይህ ገደብ ለባሕር ዳርቻ ሰው ምኑም አይደለም፤ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን የዕለት ኑሯችን ነው። ዲስኬን የገደለው ከፍታው ብቻ ነው አልልም። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ነው፤ እየዞረ ሳለ የመኪናው መንገጫገጭም ይበቃዋል። ላፕቶፑን አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ቢሆን ኖሮ ጫፉ ከሳሕኑ ርቆ በማረፊያው ይቀመጥ ነበር።

በማግስቱ ሰርጉ ላይ አንድ አዛውንት መሪጌታ አገኘሁ። ድጓ ያስመሰከሩት በዚያው በጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። የደረሰብኝን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «በእኛ ጊዜ ተማሪ ድጓውን በእጁ ይጽፋል። መምህሩ ጋ አንድ፣ ተማሪው ጋ አንድ። አንተ ሁለተኛውን የት አኖርከው?» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ በእርግጥ የት እንዳኖርኩት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደብረ ታቦር ተመልሼ መጀመሪያ የገባሁበት ጥገና ቤት ሰውዬው ድምፁን እንደሰማ መፍቻውን አነሣ። ዲስኩን ከፍቶ ጫፉን «ሊያስተካክል» ነው። ከእጁ ወሰድኩት። አንድ ብናኝ አቧራ ከዚያ ክፍተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ዲስክ ተከፍቶ የሚሠራው ልዩ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጥገና ቤት ያገኘሁት ልጅ ግን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ እንዳያበሩት። በበራ ቁጥር ሳሕኑን ይፍቀዋል። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አስነሥቼ የቻልኩትን ልገልብጥልዎ፤ መገልበጫ የሚሆን ጤነኛ ዲስክ ግን አምጡልኝ» አለኝ። ለላፕቶፑም ምትክ ያስፈልገዋል። ዲስክ የመምረጡ ጣጣ እንዲህ ተጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት ስላሽ (ያገለገለ) ነው፤ ከሌላ ላፕቶፕ የወጣ 500 ጊጋ። ዋጋው ደህና ነበር። ልጁ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የዲስኩን የራሱን መዝገብ አሳየኝ። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ቦታው ተበላሽቶ በመጠባበቂያ እንደተተካ፣ ስንቱ ደግሞ ለመበላሸት እንደሚያሰጋ ራሱ ይመዘግባል። የዚህኛው ሰዓት ከ30,000 በላይ ነው፤ የተበላሹት ቦታዎችም ዜሮ አይደሉም። በዚያ ላይ ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የእኔ ላፕቶፕ የሚቀበለው 7 ብቻ ነው። ተውኩት።

ለሁለተኛው ባሕር ዳር ድረስ ወረድኩ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ሻጩ «ከሁሉም ፈጣኑ ይኼ ነው» ብሎ የጣት ያህል ርዝመት ያላት ስስ ሰሌዳ ሰጠኝ፤ ኤንቪኤምኢ የሚሉት ኤስኤስዲ። ፈጣንነቱ እውነት ነው። ደብረ ታቦር አምጥተን የላፕቶፑን ክዳን ስናነሣ ግን የምትሰካበት ቦታ የለም። የዘጠኝ ዓመት ላፕቶፕ ነው፤ የሚያውቀው የሳታ መሰኪያ ያለውን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ብቻ ነው። መሰኪያው ቢኖር እንኳ አንዳንዱ ላፕቶፕ በዚያ ቅርጽ የሚቀበለው ሳታውን እንጂ ኤንቪኤምኢውን አይደለም፤ የጥርሶቹ ክፍተት ይለያያል። ማሸጊያው ስለተቀደደ ሻጩ አልመልስም አለኝ። ከመግዛቴ በፊት የአሮጌውን ዲስክ ፎቶ በስልኬ አንሥቼ ባሳየው ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ባልተመላለስኩ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። በዚያው ቀን በግማሽ ዋጋ «2 ቴራ» የሚል፣ ከውጭ የሚሰካ ትንሽ ዲስክ ገዝቼ ነበር። ስንሰካው ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ አነበበው። ልጁ ግን አላመነም። ዲስኩን ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ የሚያነብ ኤች ቱ ቴስት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አስነሣበት። ሌሊቱን አድሮ፣ መብራት ሄዶ፣ እንደገና ተጀምሮ በሦስተኛው ቀን አለቀ። በትክክል የተመለሰው ወደ 60 ጊጋ ብቻ ነው። የቀረውን እሺ እያለ ተቀብሏል፤ የትም ግን አላኖረውም። ቅርፊቱን ስንፈለቅቀው ውስጡ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተሰክቶ አገኘን፤ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ። የላፕቶፑን ፋይል በሙሉ አምኜ እዚያ ላይ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ የፋይሎቹ ስም በሙሉ ይታየኝ ነበር። ከ60 ጊጋው በኋላ የገባው ዜማ ግን አይኖርም።

ልጁ ከዚያ በኋላ ቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ምን ያህል ድምፅ ነው ያለዎት?» አሰላነው። ሳይጨመቅ የተቀረጸ ጥሩ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይይዛል፤ በሰዓት 600 ሜጋ ማለት ነው። የየኔታ ድምፅ 70 ሰዓት አይሞላም፤ ከ42 ጊጋ አይበልጥም። ያን ሁሉ ጊዜ ቴራ ቴራ ስል የነበረው ለ42 ጊጋ ነው። በነገራችን ላይ አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ዲስክ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ ወደ አንድ ቶን ይመዝን ነበር፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። 7 ቶን የሚያህለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ስለሆነ፣ የደብረ ታቦር ሰው የቶንን ክብደት ያውቃል። በዚያ ሁሉ የዲስክ ብረት ላይ የየኔታ ዜማ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም ነበር።

በመጨረሻ የገዛሁት ሁለት ዓይነት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የገባው ባለ 2.5 ኢንች፣ 7 ሚሊ ሜትር፣ የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ 512 ጊጋ። የሚዞር ነገር ስለሌለው ጉናን ሲሻገርም አይሰጋም፤ ለእንደኔ ዓይነቱ አሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ምትክ የለም እላለሁ። ነገር ግን ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ከሞተም በኋላ ከውስጡ ማውጣት ይከብዳል። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ለማስቀመጫ የሚዞረውን፣ አዲስ 1 ቴራ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ 931 ብሎ ሲያሳየኝ እንደ ቀድሞው አልደነገጥኩም፤ አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 ነው፣ ኮምፒውተሩ በ1,024።

ልጁ አሮጌውን ዲስክ አስነሥቶ መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ብቻ አነበበ፤ ከዚያ ወደ ተጎዳው እየተመለሰ ትንሽ በትንሽ። ሁለት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጬ አደርኩ። ከ63 ፋይል 44ቱ ወጡ። የመጀመሪያውን ስንከፍተው የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «በል፣ ተቀበለኝ» ይላሉ። ልጁ ሥራውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አብሮኝ አዳመጠ።

1 ቴራው ዛሬ ወረታ፣ እኅቴ ቤት፣ ከቁምሳጥኗ ላይኛው መደብ ላይ ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የፎገራ ከተማ ናት፤ ለሚዞር ዲስክ አየሯ ይበቃዋል። ሌላ ቅጂ ነፋስ መውጫ ላሉት መሪጌታ በፍላሽ ልኬላቸዋለሁ።

ያልወጡት 19ኙ ናቸው። ከእነሱ መካከል የኔታ ለመጨረሻ ጊዜ የመሩት የነሐሴ 13 ዋዜማ፣ የደብረ ታቦር በዓል ማኅሌት አለበት። በዚያ ሌሊት ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሲቀርጹ ያየኋቸው ወጣቶች ብዙ ነበሩ። ከእናንተ አንዳችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ስልካችሁን ከማጽዳታችሁ በፊት የድሮ ቪዲዮዎቻችሁን አንድ ጊዜ እዩልኝ።