ለክቡር ኤሌክቶራል ኮሌጅ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ድምፄ የት እንደገባ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ያልኩት የአገር ቤት የደብዳቤ ወግ ስላልለቀቀኝ ብቻ አይደለም፤ እውነትም የት እንዳሉ ስለማይታወቅ ነው። 538 አባላት አሉዎት፣ ግን አንድም ቀን አንድ አዳራሽ ገብተው ተያይተው አያውቁም። በየአራት ዓመቱ ዲሴምበር ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ በየክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ይሰየማሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይበተናሉ። የዓለም ኃያሉ ወንበር የሚሞላው በዚያች ፊርማ ነው። አገር ቤት ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ አንድ ባለመስታወት ሕንፃ፣ አንድ ክብ ማኅተምና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል ጸሐፊ ይኖርዎት ነበር። በርዎ ላይ ቆሜ ደጅ እጠና ነበር። በር ስለሌለዎት በጽሑፍ ለማመልከት ተገድጃለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። የሜሪላንድ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ ምዬ ዜጋ ሆኛለሁ። ለዜግነት ፈተናው ካጠናናቸው ጥያቄዎች አንዱ «ፕሬዚዳንት የምንመርጠው ለስንት ዓመት ነው?» የሚል ነበር። «ለአራት» ይባላል፣ ይታለፋል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ማልጄ እሰለፋለሁ፤ ወረቀቴን አጠቁራለሁ፤ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ። ውጤቱን ግን ከመሰለፌ በፊት አውቀዋለሁ። ሜሪላንድ ለሪፐብሊካን እጩ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው በ1988 ለአባትየው ቡሽ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ በእኛ ከቆጠርኩ ሌላ ክርክር ይነሣል።) ከዚያ ወዲህ ከአባላትዎ መካከል የእሷ የሆኑት አሥሩም ወኪሎች በአንድነት ለዴሞክራቶቹ ይሄዳሉ። እኔ ብሰለፍም ይሄዳሉ፣ ተኝቼ ባረፍድም ይሄዳሉ፣ ተናድጄ ለሌላው ወገን ብሰጥም ይሄዳሉ።

ከቤቴ ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳልነዳ የፔንሲልቬንያ ድንበር ይጀምራል። እዚያ ያለው መራጭ ሌላ ፍጡር ነው። ፊላደልፊያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በ2024ቱ የምርጫ ሰሞን በሯ ከመንኳኳት፣ ስልኳም ከመጮህ አላረፉም። ለቡና ያልመጣ ዘመድ የለም እስክትል ድረስ የማታውቀው ወጣት ሁሉ ደጃፏ ላይ ቆሞ ስለ ኑሮዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ፣ ስለ እንቁላል ዋጋ ይጠይቃታል። ዶናልድ ትራምፕ ሽርጥ አስረው ማክዶናልድ ውስጥ ድንች ሲጠብሱ የታዩት እዚያው ፔንሲልቬንያ ነው። ኢላን መስክ አቤቱታ ለሚፈርም መራጭ በየቀኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር አድላለሁ ብሎ ሲነሣም የጠራው የሰባት ክፍለ ግዛቶችን የተመዘገቡ መራጮች እንጂ እኛን አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ፈራሚ ጠፍቶ ነው እንዳይሉኝ! እኛ ዲቪ ስንሞላ የኖርን ሕዝብ ነን። አሜሪካ መግባት የመጀመሪያው ዕጣ ብቻ መሆኑን፣ ሁለተኛው ዕጣ ፔንሲልቬንያ መድረስ መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም።

ፔንሲልቬንያ፣ ጆርጂያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሚሺገን፣ አሪዞና፣ ዊስኮንሲን፣ ኔቫዳ። ሰባቱ ተደምረው 93 ወኪል ናቸው። የቀረነው በ43 ክፍለ ግዛቶችና በዋና ከተማዋ የምንኖር ተመልካቾች ነን። እጩዎቹ ወደ እኛ ሰፈር ብቅ የሚሉት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ይዘው ፔንሲልቬንያ ላይ ማስታወቂያ ይገዙበታል።

ቁጣም ቢሆን እርስዎ ዘንድ አድራሻ ይጠየቅበታል። ኦክቶበር 23 ቀን 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ፣ ግብፅ የሕዳሴ ግድባችንን ልታፈነዳው እንደምትችል ጋዜጠኞች ፊት ተናገሩ። ምርጫው 11 ቀን ቀርቶት ነበር። እኛ ሰፈር የነበረውን መንጨርጨር ባያነሡብኝ ይሻላል። ግን የሲልቨር ስፕሪንግ ቁጣ የት ይገባል? ሰውየው አስቀድመው ተስፋ ወደ ቆረጡበት ክፍለ ግዛት ነው የሚገባው። አትላንታ ዙሪያ ያለው ወገናችን ያንኑ ቁጣ ይዞ ተሰለፈ፤ ጆርጂያም በ11,779 ድምፅ ልዩነት ተወሰነች። የእኛ ሰዎች ወሰኗት ማለቴ አይደለም፤ ቁጣቸው ሚዛን ላይ ወጥቶ ተመዘነ ማለቴ ነው። ሰውየውም ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ለጆርጂያ የምርጫ ኃላፊ ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲያገኙላቸው ጠየቁ። ልዩነቱና አንድ ጭማሪ መሆኑ ነው፤ ሒሳቡ እንከን የለበትም። ካሊፎርኒያ ላይ ከአምስት ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ተበልጠው ሳለ እዚያ ለማንም አልደወሉም። ለምን ይደውላሉ?

በዚያው ዓመት ነፋሱ ዞረ። በአገር ቤቱ ጦርነት ሰሞን የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጣው ከፊሉ ወገኔ ቨርጂኒያ ላይ ለአገረ ገዥነት የሪፐብሊካኑን እጩ ምረጡ ብሎ ዘመተ። ሌላው ወገኔ ደግሞ ፈጽሞ አልተስማማም፤ በየካፌው የተባባልነውን እዚህ ማንሣት አልፈልግም። ማለት የፈለግሁት፣ ያን ዕለት የሁለቱም ወገን ድምፅ አንድ አንድ ተብሎ ተቆጠረ፤ ብዙ ያገኘው ወንበሩን ወሰደ፤ ሰማይም አልተደፋም። በዚህ አገር አገረ ገዥ እንዲህ ይመረጣል፣ ሴናተር እንዲህ ይመረጣል፣ የትምህርት ቦርድ አባል እንዲህ ይመረጣል፤ በብዙ ቦታ የአሟሟት መርማሪው ሹም ሳይቀር እንዲህ ይመረጣል። እርስዎ የሚያስፈልጉት ለአንድ ወንበር ብቻ ነው። (አገር ቤትም ርዕሰ ብሔሩን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ግን እዚያ በፕሬዚዳንቱ ስም የሚሰለፍ፣ የሚቆጣና ተለጣፊ የሚለጥፍ ሕዝብ የለም፤ ሁሉም የሚሆነውን አውቆ ቤቱ ይቀመጣል።)

ስለ ትውልድዎ ጥቂት አንብቤአለሁ። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የፔንሲልቬንያው ጄምስ ዊልሰን ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የቨርጂኒያው ማዲሰን ደግሞ የሕዝብ ምርጫ ጥሩ ቢሆንም ባሪያ የሞላበት ደቡብ በዚያ መንገድ ይጎዳል ሲል ችግሩን ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ ባሪያ አይመርጥማ። መፍትሔው እርስዎ ሆኑ። የወኪል ቁጥር የምክር ቤት መቀመጫን ይከተላል፣ የምክር ቤት መቀመጫ ሕዝብን ይከተላል፣ በሕዝብ ቆጠራ ደግሞ አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይገባ ነበር። ቨርጂኒያ በዚህ ስሌት ደልቷት በመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት ውስጥ 32ቱን ፕሬዚዳንቱ የእሷ ሰው ነበር። ሜሪላንድም የባሪያ ምድር ነበረች። እኔ በዚያ ዘመን እዚህ ብወለድ ኖሮ ሦስት አምስተኛ ሰው ሆኜ ተቆጥሬ የጌታዬን ድምፅ አወፍር ነበር። ዛሬ ሙሉ ሰው ነኝ፤ ማንንም አላወፍርም።

አሌክሳንደር ሃሚልተን ግን ስለ እርስዎ የተናገረው ሌላ ነው። አስተዋይ ሰዎች ተመርጠው፣ ተረጋግተው መክረው፣ የሚበጀውን ይለያሉ ብሎ ነበር። እስቲ ያን ማስተዋል ከመዝገብዎ ላይ ላስታውስዎት። በ1872 እጩው ሆራስ ግሪሊ ከምርጫው በኋላ፣ ወኪሎች ከመሰየማቸው በፊት ሞቱ፤ ሦስት የጆርጂያ ወኪሎች ለሟቹ ድምፃቸውን ሰጡ። በ2004 አንድ የሚኒሶታ ወኪል ጆን ኬሪን መምረጥ ሲገባው ለምክትሉ ለጆን ኤድዋርድስ ሰጠ፤ ያንኑም ስም አንድ ፊደል ገድፎ ጻፈው። በ2016 ደግሞ ጥቂት ወኪሎች ሃሚልተን እንዳለው አሰብን፣ መከርን ብለው ያልተላኩበትን ሰው መረጡ። ከመካከላቸው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወኪሎች አንድ አንድ ሺህ ዶላር ተቀጡ፤ በ2020ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍለ ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በገቡት ቃል የማሰር መብት አላቸው ብሎ አጸና። እንግዲህ እንዲያስቡ ተፈጥረው ሲያስቡ የሚቀጡ ነዎት። በዚህስ አዘንኩልዎ።

መካከለኛ ባለበት ደግሞ ፎርጅድ ይኖራል፤ ይህን ከአገር ቤት ያመጣሁት ዕውቀት ነው። በ2020 ለባይደን የተሰጡትን ከ81 ሚሊዮን በላይ ድምፆች ፎርጅድ ማሠራት የሚችል ሰው አይገኝም። በሰባት ክፍለ ግዛቶች 84 ሰዎች ተቀምጠው «ሕጋዊ ወኪሎች እኛ ነን» የሚል ወረቀት መፈረም ግን ይችላሉ፤ ፈረሙም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ምክር ቤቱ ሲወረር ሠራተኞች እየሮጡ ያወጡት የእርስዎን እውነተኛ ወረቀቶች የያዙትን የእንጨት ሣጥኖች ነበር። የአንድ ትልቅ አገር ምርጫ በሣጥን ተሸክመው የሚሸሹት ነገር ሆኖ ማየት ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ለእርስዎ ግን ያሳፍራል ብዬ ገምቼ ነበር።

ሕዝቡ ብዙ ድምፅ የሰጠውን ትተው ሌላውን ያነገሡባቸውን ጊዜያት አልዘረዝርም፤ 1876፣ 1888፣ 2000፣ 2016 ማለት ይበቃል። ከእነዚህ የምትቆጨኝ የ2000ዋ ናት። አል ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በልጠው ሳለ ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ወሰነች። ከአባላትዎ ቁጥር በአንድ ያንሳል። በ2024 ግን ከሕዝቡ ጋር ተስማምተዋል፤ ትራምፕ በሁለቱም በኩል አሸንፈዋል፣ በእርስዎ ዘንድ 312 ለ226። እንኳን ደስ ያለዎት! የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ትክክል ይናገራል።

ጠበቆችዎ «እሱ ባይኖር ትንንሾቹ ክፍለ ግዛቶች ይረሱ ነበር» ይላሉ። ዋዮሚንግ ትንሽ ናት፤ በ2020 ቆጠራ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ይዛ ሦስት ወኪል አላት፣ ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ተኩል ይዛ 54። የአንድ ዋዮሚንጌ ድምፅ የአንድ ካሊፎርኒያዊን አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ታዲያ በምርጫ ሰሞን ዋዮሚንግ ሄዶ ቅስቀሳ ሲያደርግ የታየ እጩ የት አለ? ማንን እንደምትመርጥ ስለሚታወቅ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ዋሽንግተን ዲሲ ከዋዮሚንግ የሚበልጥ ሕዝብ አላት፤ ለፕሬዚዳንት መምረጥ የተፈቀደላት ግን በ1961 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ እስከ ዛሬ የላትም። እርስዎ የሚጠብቁት ትንሹን አይደለም፣ የሚወላውለውን ነው። ይህ የዴሞክራት ልቅሶ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በ2020 ትራምፕ ከየትኛውም ክፍለ ግዛት የበለጠ ድምፅ ያገኙት ከካሊፎርኒያ ነበር፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ፣ ከቴክሳስም ይበልጣል። ስድስት ሚሊዮን ሰው ተሰልፎ አንድ ወኪል አላገኘም። ከእነሱ ጋር በሌላው ሁሉ ብንጣላም በዚህ ጉዳይ እንደ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ እንችላለን።

ሊያሰናብቱዎት የሞከሩ አልጠፉም። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት 338 ለ70 በሆነ ድምፅ እርስዎን የሚሽር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳለፈ፤ በማግስቱ ዓመት ሴኔት ውስጥ ንግግር በማራዘም ገደሉት። የእኔዋ ሜሪላንድ ደግሞ በ2007 ከሁሉ ቀድማ ወኪሎቿን በአገር አቀፍ ድምፅ ለሚያሸንፍ ለመስጠት ቃል ኪዳን ፈረመች። ቃል ኪዳኑ የሚጸናው ፈራሚዎቹ 270 ወኪል ሲሞሉ ነው፤ እስከ 2024 ማብቂያ 209 ላይ ደርሶ ነበር። ከፈራሚዎቹ ውስጥ ፔንሲልቬንያን ፈልጌ አላገኘኋትም። እንኳን አልፈረመች እላለሁ፤ እኔም እሷን ብሆን በሬን ማንኳኳት አቁሙ አልልም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሁለት አንዱን እንዲፈቅዱልኝ አመለክታለሁ። ወይ ድምፄ ሜሪላንድ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሠራበት በጽሑፍ ይገለጽልኝ፣ ወይ የመኖሪያ ቤቴ ሳይነቃነቅ ድምፄ ብቻውን ወደ ዮርክ፣ ፔንሲልቬንያ እንዲዛወር ይፈቀድልኝ። ሰው እዚህ እየኖረ እዚያ ቢመዘገብ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው አስቀድሜ ፈቃድ የምጠይቀው። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ዕቃዬን ጭኜ ራሴ እሄዳለሁ። የቤት ዋጋውም እዚያ ይሻላል ይባላል፤ ሥራ ቦታዬ ለመድረስ በሌሊት መነሣት ይኖርብኛል እንጂ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አሥሩ ወኪሎች ሳይጠይቁት የሚፈርሙለት መራጭ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
ለካሊፎርኒያ ሪፐብሊካኖች፣ ባሉበት
ለዋዮሚንግ ሕዝብ፣ ለማወቅ ያህል
ለአክስቴ ልጅ፣ ፊላደልፊያ፤ ቤዝመንቱ ካልተከራየ እንድታቆይልኝ