ስለ ምርምር ጽሑፎች አጠባበቅና አለመነበብ የወጣ አዋጅ

ሞዓ ማኅተም ዘእምነገደ መሳቢያ፣ ሥዩመ መመሪያ፣ ንጉሠ ደብዳቤያት፤

የምርምር ሥራ ከአንዱ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላው ያለ ልጓም መመላለስ ከጀመረ፣ የድንችን በሽታ የመረመረው የድንችን ገበያ ከሚመረምረው ጋር ተገናኝቶ፣ ሁለቱም ከዚህ ቀደም ያላወቁትን ነገር ሊያውቁ እንደሚችሉ በመገንዘብ፣ ይህም ለስብሰባ የተመደበውን ክቡር ጊዜ የሚሻማ ሆኖ ስላገኘነው፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የዕውቀት ጥበቃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ዕውቀት ማለት በመደርደሪያ ላይ ያለ ነው።

አንቀጽ 3። ማንኛውም መምህር ወይም ሠራተኛ ከራሱ ትምህርት ክፍል ውጭ የተጻፈን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማንበብ ሲሻ፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ያቀርባል፤ ሆኖም፦

ሀ) ቲተሩ ከፊርማው በታች በመሆን ፈንታ ከጎኑ ያረፈበት ደብዳቤ እንዳልቀረበ ይቆጠራል፤

ለ) የማኅተሙን መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ጸሐፊ በወሊድ ፈቃድ ላይ ከሆነች፣ አመልካቹ ክርስትናው እስኪደርስ ይታገሣል፤ ይኸውም እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነው፤

ሐ) ደብዳቤው የተሟላለት አንባቢ ተቀምጦ እንዲያነብ ይፈቀድለታል፤ ፎቶ ማንሣትና መገልበጥ ግን ክልክል ስለ ሆነ፣ ያነበበውን በልቡ ይዞ እንዳይወጣ በር ላይ ይፈተሻል፤

መ) ይህ ድንጋጌ ወደ ኋላም ይሠራል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው ሺምፐር፣ ዕፅዋት አጥኚ ሆኖ ሳለ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንጢጮ ገዥ ለመሆን የበቃው የትብብር ደብዳቤ አጽፎ እንደ ሆነ በኮሚቴ ይጣራል፤

ሠ) የጽሑፉ ደራሲ ራሱ ቢመጣ፣ ደራሲነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ያቀርባል፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ፊደል ሠ ቀልድ መስላችሁ ከሆነ፣ አይደለችም። የድንቹን ቅጠል ክረምት ሲገባ አጥቁሮ የሚያደርቀውን በሽታ በወልመራ ወረዳ ያጠናውን ወዳጄን፣ የራሱ ቅጂ ከተሰረቀ ላፕቶፑ ጋር ስለ ሄደበት፣ እኔም በዚያው ወረዳ የድንችን ዋጋ ስለማጠና፣ ይዤው ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ጥራዙን አውጥታ፣ ስሙን አንብባ፣ ፊቱን አይታ፣ «ጋሼ፣ መመሪያ ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል» አለችውና መልሳ ደረደረችው። በእርሷ አልፈርድም፤ ብትሰጠን የምትቀጣው እርሷ ናት። ግን ከማን ነው የምንጠብቀው? ማንስ ሊሰርቀን ነው? አባቶቻችን በብራናው መጨረሻ ላይ ያወገዙት የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ነው፤ የሚያነበውን ያወገዘ ጸሐፊ አላየሁም። ያ ጥራዝ ደግሞ የወዳጄ ብቻ አይደለም፤ የወልመራ ገበሬ ከሥራው ተነሥቶ፣ ማሳው ጥግ ቆሞ፣ ስንት ኩንታል እንደ ጠፋበት አንድ በአንድ የመለሰበት ነው። በየዓመቱ አዲስ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ አለ፤ መልሱን ይዞ የተመለሰ ሰው ግን የለም፤ ገበሬው ይህን ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣለሁ፣ አፍራለሁም። እዚሁ ሆለታ፣ «ጉደኔ»ና «በለጠ» የተባሉት የድንች ዝርያዎች በወጡበት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዘር መራጩና በሽታ አጥኚው በአንድ ማሳ ካልቆሙ አንድ ዝርያ እንኳ አይወጣም። እኛ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ በደብዳቤ እንነጋገራለን፤ እርሱም ሳይፈረም ይከርማል።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

አንቀጽ 4። ይህን አዋጅ ተላልፎ ሲያነብ የተገኘ በኮሚቴ አባልነት ይቀጣል።

አንቀጽ 5። አዋጁ ማኅተሙ እስኪገኝ ድረስ ያለ ማኅተም የጸና ይሆናል።

በሆለታ ገነት ተጻፈ።

የወልመራን ድንች፣ ገብስ ወይም ንብ ያጠናችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ትምህርት ክፍል ብትሆኑ፣ የሥራችሁን ግልባጭ ላኩልን፤ ደብዳቤ አንጠይቃችሁም።