ዋስ የማይጠራበት ገበያ

ኮቦ ከብት ተራ በሬ ሊገዛ የገባ ሰው አይቸኩልም። ጥርሱን ይገልጣል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ወዲያ ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ያያል። ደላላው ዋጋውን አቀራርቦ እጅ ካማታቸው በኋላም ገንዘቡ ከኪስ አይወጣም። ሻጩ የማይታወቅ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ «ዋስህ ማን ነው?» በሬው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ነገ ፊት የሚቆም ሰው መኖር አለበት። ከዞብል የወረደም ይሁን ከዋጃ የመጣ፣ ዋስ ያጣ ሻጭ በሬውን ነድቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጥያቄውን እንደ ስድብ የሚቆጥረው የለም።

ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አስፋልት ዳር ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ሲከፍት ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

«እናት፣ ዋይፋይ አላችሁ?»

«አለ ጋሼ።»

«ቁጥሩስ?»

«ከአንድ እስከ ስምንት።»

ማኪያቶው ሳይቀርብ ላፕቶፑ ገብቷል።

ልማዱ ሊመሰገን ይገባል። ሰው ሰውን ማመን አቆመ እየተባለ በሚታማበት ዘመን፣ አንድ ዜጋ የባንክ ሒሳቡን፣ ኢሜይሉን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድና የልጆቹን ፎቶ የያዘ ዕቃ የማን መሆኑን ለማያውቀው ራውተር አሳልፎ ሲሰጥ ማየት ልብ ይሞላል። ከሚመጡለት ስሞች መካከል የሆቴሉ ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ቢያገኘው እንኳ አይደነግጥም፤ ሲግናሉ የበረታውን መርጦ ይገባል። የዋይፋይ ስም ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ቃል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የለም፣ ሁለት ሰዎች አንድ ስም እንዳያወጡ የሚከለክል ደንብም የለም። ማዶ ጠረጴዛ ላይ ሻይ የሚጠጣው ወጣት የስልኩን ሆትስፖት በሆቴሉ ስም ሰይሞ፣ ፓስወርዱንም ከአንድ እስከ ስምንት አድርጎ ሊከፍት ቢያምረው ሻዩ አይበርድበትም። ላፕቶፕ ደግሞ አንዴ የገባበትን ስም ይይዛል። ወልድያ ላይ «ፍሪ ዋይፋይ» በሚል ክፍት ኔትወርክ የተጠቀመ ላፕቶፕ፣ በራሱ እንዲገባ ተፈቅዶለት ከሆነ፣ ኮቦ ላይ ሌላ «ፍሪ ዋይፋይ» ሲያገኝ የድሮው ወዳጁ ይመስለውና ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ በዚሁ ብልሃት ሠርቷል ያለውን አንድ ሰው ከሷል። በፐርዝ፣ በሜልቦርንና በአዴሌድ አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በበረራ ላይም ሳይቀር፣ እውነተኛ የሚመስሉ የዋይፋይ ስሞችን እየከፈተ፣ የሚገቡትን መንገደኞች ወደ ሐሰተኛ ገጽ እየወሰደ በኢሜይል ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻቸው እንዲገቡ ይጠይቃቸው ነበር ይላል ክሱ። መንገደኛው የሚጽፈው ፓስወርድ የሚቀረው እሱ ዘንድ ነው።

የኮቦው ባለ ላፕቶፕ ግን መከራከሪያ አለው፤ ቀላልም አይደለም። ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ኮቦ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚጠይቅበት መንገድ አጥቶ ከርሟል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ፤ በአንዳንድ ከተሞች የገመድ መስመር ያላቸው ሆቴሎች ብቸኛ መተንፈሻ ሆነው ቆዩ። ይህን ያየ ሰው ኔትወርክ ሲያገኝ «የማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ቀርቶ ተነሥቶ ቢያመሰግን አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ሽሙጡ ለጊዜው ቢቀመጥ ይሻላል። ኢንተርኔቱን የዘጉት ሰዎች ካደረሱት ጉዳት አንዱ ይኸው ነው፤ የተገኘውን ሁሉ አመስግኖ የሚቀበል ተጠቃሚ አፍርተዋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ሽሙጡን መልሶ ያስነሣል። «እኔን ምን ብሎ ይፈልገኛል?» ይላል ባለ ላፕቶፑ፤ ትሕትናው የሚደነቅ ነው። እሱ መምህር ቢሆን ላፕቶፑ ላይ የተማሪዎች ውጤት አለ። የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ቢሆን የተረጂዎች ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር በአንድ ኤክሴል ተደርድሯል፤ ኮቦ ባለችበት በራያ ምድር፣ ከሁለት ጦርነት በኋላ፣ የዚህ ዓይነት ዝርዝር በማን እጅ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ለራያ ሰው አይነገረውም። ነጋዴ ቢሆን የሽንኩርትና የቲማቲም አስረካቢዎቹ ሒሳብ፣ የንግድ ፈቃዱ ስካንና የመታወቂያው ፎቶ እዚያው ነው። ፈላጊውም ቢሆን እሱን በስሙ አይፈልግም፤ የገባውን ሁሉ ይሰበስብና በኋላ ይለቅማል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ «ፋየርሺፕ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ለሕዝብ በነፃ ለቀቀ። ፋየርፎክስ ላይ የሚጫን ነበር። ክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ሲያስነሣ፣ በዚያው ኔትወርክ ፌስቡክና ትዊተር የገቡ ሰዎች ስማቸውና ፎቶአቸው በጎን ይደረደርለታል፤ አንዱን ሲነካ በዚያ ሰው ስም ይገባል። ፓስወርድ መስበር አላስፈለገም። በትለር ያደረገው ባለሙያዎች ለዓመታት የሚያውቁትን ጉድ ገበያ ማውጣት ነበር። ኩባንያዎቹ አፈሩ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ገጾቻቸውን በሙሉ በምስጢር ኮድ መላክ ጀመሩ።

ስለዚህ ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመላለሰው ተቆልፎ ነው። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰላይ ባለ ላፕቶፑ የትኛውን ባንክ ገጽ እንደከፈተ ሊያይ ይችላል፤ ውስጥ ምን እንደጻፈ ግን አያይም። ቁልፉን የሚያስተማምነውም የከብት ተራው ብልሃት ነው። ድረ ገጹ «እኔ እገሌ ባንክ ነኝ» ሲል ብራውዘሩ አምኖ አይቀበለውም፤ ዋስ ይጠራል። ዋሱ የምስክር ወረቀት ሰጪ የሚባል ሦስተኛ ወገን ነው፤ ወረቀቱ ከድረ ገጹ ስም ጋር ካልገጠመ ብራውዘሩ ገጹን ሳይከፍት «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይቆማል።

የኮቦው ባለ ላፕቶፕ ጀግንነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዋስ የለውም የተባለውን ሻጭ ከብት ተራ ላይ በዱላ ሊያባርር የሚችለው ሰው፣ ብራውዘሩ ያንኑ ሲነግረው «ዝርዝር» የሚለውን ይከፍታል፣ ቀጥሎ «ይሁን፣ ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ነው፣ መብራቱም ሊሄድ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ይታወሰው፤ የባንክ ወይም የኢሜይል ገጽ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ድንገት ከመጣ፣ ላፕቶፑን ዘግቶ መነሣት ካልሆነ በቀር ሌላ ትክክለኛ መልስ የለም።

ዓለም ሁሉ ከኮቦ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ይጽናና። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍ-ሴኪዩር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ለንደን ውስጥ ነፃ ዋይፋይ ከፈተና መግቢያው ላይ ውል አስቀመጠ። ከውሉ አንዱ አንቀጽ ተጠቃሚው የበኩር ልጁን ለኩባንያው ለዘላለም እንዲሰጥ ያስገድዳል። 6 ሰዎች ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማንችስተር ያለው ፐርፕል የተባለ ኩባንያ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ማጠብን ጨምሮ የ1,000 ሰዓት የጉልበት አገልግሎት ግዴታ በውሉ ውስጥ አስገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 22,000 ሰዎች «እስማማለሁ» አሉ፤ ነገሩን ያስተዋለው 1 ሰው ብቻ ነበር። የኮቦ ሆቴሎች ቢያንስ ውል አያስፈርሙም። ልጅም አይጠይቁም፤ ማኪያቶ ብቻ ይሸጣሉ።

የበለጠ የሚያሳስበው የሐሰት «አፕዴት» ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ካስፐርስኪ «ዳርክሆቴል» ብሎ ስለሰየመው ቡድን ሪፖርት አወጣ። ቡድኑ በእስያ ትላልቅ ሆቴሎች የሚያርፉ የኩባንያ ኃላፊዎችን ይጠብቃል፤ እንግዳው ዋይፋይ ለመግባት ስሙንና የክፍል ቁጥሩን ሲጽፍ «ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» የሚል መልእክት ይመጣለታል፣ ሲያድስ ሰላዩን በራሱ እጅ ይጭናል። ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ብልሃት ባዕድ አይደሉም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረውን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል እየደረሳቸው፣ ቪዲዮውን ለማየት ሐሰተኛ የፍላሽ አፕዴት እንዲጭኑ ይጠየቁ እንደነበር አሳይቷል። የስለላ ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት ነበር። መንገዱ ኢሜይል እንጂ ዋይፋይ አልነበረም፤ በሩን የከፈተው ግን ያው «እሺ፣ ጫን» የምትል አንዲት ጣት ናት። ሆቴል ውስጥ ድንገት የሚመጣ አፕዴት አይጫንም፤ እውነተኛ ከሆነ ቤት ሲገባም ይጠብቃል።

«ቪፒኤን አለኝ እኮ!» የሚል ይኖራል። አለው፤ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለ5 ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በተገደቡበት ጊዜ ያወረደው ነው። ማን እንደሠራው አያውቅም፣ ነፃ መሆኑን ግን ያውቃል። ቪፒኤን ማለት ሆቴሉ ሊያይ ይችል የነበረውን ሁሉ ለቪፒኤኑ ባለቤት ማዛወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሆላ የተባለው ዝነኛ ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር በሌላ በር ለሦስተኛ ወገን ሲሸጥ እንደነበር ታወቀ። ሆቴሉን አላምንም ብሎ ስሙን በማያውቀው ሰው ላይ መተማመን ልዩ የጥንቃቄ ዓይነት ነው።

ላፕቶፑ ራሱስ? ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ አንቲቫይረሱ ክራክ ነው፣ ክራኩን ያመጣው ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ውሎ የመጣ ነው። አዲስ ኔትወርክ ሲገባ ዊንዶውስ «ይህ የሕዝብ ነው ወይስ የግል?» ብሎ በትሕትና ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ «የግል» ይላል። በዚያች ቃል ላፕቶፑ ለሌሎቹ የበረንዳው ላፕቶፖች መታየት ይጀምራል፤ «ደመወዝ» የተባለ ፎልደር ያለ ፓስወርድ ለሥራ ባልደረባ ሼር ተደርጎ ከሆነ የሆቴሉ ደንበኛም ባልደረባ ሆነ ማለት ነው።

ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላውን የኮምፒውተር ዳታ ያለ ፈቃድ የጠለፈን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥሩ አዋጅ ነው። እንዲሠራ የሚያስፈልገው ተበዳዩ መጠለፉን ማወቁ፣ ጠላፊውን መለየቱና ማስረጃውን ፖሊስ ጣቢያ ማቅረቡ ብቻ ነው።

ሽንት ቤት ሲሄድ ላፕቶፑን ክፍት ትቶ «ወንድሜ፣ አንዴ እያት» እያለ ለማያውቀው ሰው አደራ የሚሰጠው ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ጽሑፍ አቅም በላይ ነው።

እንግዲህ ለሆቴልና ለካፌ ባለቤቶች አንድ ልመና፤ ራውተሩን የተከለላችሁ ልጅ ተመልሶ ይምጣና ሲገዛ የመጣበትን የመቆጣጠሪያ ስምና ፓስወርድ ይቀይርላችሁ፣ የእንግዶችን ኔትወርክ ከሒሳብ ማሽናችሁ ይለይ፣ እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገውን መቼት ያብራ። ከአንድ እስከ ስምንት መቁጠሩም ይብቃ። ባለ ላፕቶፑ ደግሞ የኔትወርኩን ስም ከአስተናጋጇ ይጠይቅ፣ ሲገባ «የሕዝብ» ይበል፣ ሲወጣ ስሙን ያስረሳው፣ ኢሜይሉና ቴሌግራሙ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብራ። የባንክ ሥራ ካለው ከስልኩ ዳታ በራሱ ሆትስፖት ይጠቀም፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው የሚበላው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለም ይወቀው፦ ማይክሮሶፍት ለዚያ ሥሪት የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።