የላፕቶፕን ሙቀት ከምንጩ ለማድረቅ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በላፕቶፕ ጌም የምትጫወቱ፣ በጠረጴዛም ሆነ በአልጋ፣ በኮንዶሚኒየምም ሆነ በግቢ ቤት የምትገኙ በሙሉ፤ የግራፊክስ ካርዳችሁ ሙቀት ሰማንያን አልፎ ወደ ዘጠና በመጠጋቱ፤ የፋኑ ጩኸት ከእናት አልፎ የጎረቤት አቤቱታ በማስነሳቱ፤ እስካሁን የተወሰዱት እርምጃዎችም ኩሊንግ ፓድ ከመግዛትና ጎን ጎኑን በአፍ እፍ ከማለት ያላለፉ በመሆናቸው፤ ሙቀቱን ከምንጩ ማድረቅ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ተጫዋች ማቀዝቀዣ ከመግዛቱ በፊት ካርዱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንዲቀንስ ታውጇል።

ይህ ውሳኔ በዘፈቀደ የተላለፈ አይደለም። ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሥዕል ሆኖ ስክሪኑ ላይ የሚቀር ዋት የለም። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠራው አርቲኤክስ 4090 እስከ 450 ዋት እንዲወስድ ሲፈቀድለት የሚያቀዝቅዘው ብረት ብቻውን ከብዙ ላፕቶፖች ይወፍራል። ያንኑ ስም የያዘው የላፕቶፑ ካርድ (ስሙ እንጂ ውስጡ ያለው ቺፕ አንድ አለመሆኑ በዚሁ አጋጣሚ ለሕዝብ ይገለጻል) የተሰጠው በጀት እስከ 150 ዋት ሆኖ፣ ከፕሮሰሰሩ ሊበደር የሚችለው ደግሞ እስከ 25 ዋት ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ሁለት ጣት በማትሞላ ሣጥን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚጋራው የመዳብ ቱቦ በኩል ማስወጣት አለበት። እዚህ ላይ ከሥር ሌላ ፋን መደርደር እሳቱን ሳይቀንሱ ድስቱን ማራገብ ነው። በአንጻሩ የቺፕ የሥራ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ብቻ 10 በመቶ ቢቀነስ የሥራ ኃይሉ 19 በመቶ ያህል ይወርዳል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ይህን ያለ ምንም ክፍያና ያለ ምንም ደላላ ይፈጽማል። በርግጥ አንዳንድ ላፕቶፖች ይህን በር ይዘጋሉ፤ ቮልቴጁን በአንዴ አብዝቶ የቀነሰም ጌሙ መሀል ላይ ይዘጋበታል፤ ስለዚህ ቅነሳው ጥቂት በጥቂት፣ እየተሞከረ ይከናወናል።

የፍሬም ብክነትን በሚመለከት ደግሞ አዋጁ ምሕረት አያውቅም። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ሰው ካርዱን 140 ፍሬም ሲያሠራው፣ ትርፉ ተመልካች የሌለው ሰልፍ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የጌም ማውጫ ገጽ ላይ የሚባክነው ነው፤ ተጫዋቹ ሻይ ሊቀዳ ሄዶ ካርዱ አንድ የማይንቀሳቀስ ሥዕል በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይስላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ክረምት የአማዞን ጌም የሆነው ኒው ወርልድ ለሙከራ ሲከፈት፣ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች እንደተቃጠሉባቸው የተናገሩ ተጫዋቾች ተሰሙ፤ አማዞንም በማውጫው ገጽ ላይ የፍሬም ገደብ አስገባ። ፍትሕ እንዳይጓደል ግን ኢቪጂኤ የተባለው አምራች በኋላ የራሱ ካርዶች የሞቱት በብየዳ ጉድለት መሆኑን ማመኑ ይመዝገብ። ጌሙ ደካማውን ካርድ አልፈጠረውም። ጉድለቱ ያለበትን ካርድ ግን ማንም በማያየው ሥራ ላይ አሰልፎ አጋልጦታል።

በሕዝብ ውይይት ወቅት ሦስት ተቃውሞዎች ቀርበዋል። አንደኛው «አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ነው። ብርዱ እውነት ነው፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በክብደት ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ይኸው ክብደት ነው። እንግዲህ ብርዱ የሰጠንን ከፍታው በከፊል ይነጥቀናል። (የድሬዳዋ ነዋሪዎች ከፍታቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም አየራቸው ራሱ ሞቆ ስለሚገባ በዚህ አንቀጽ ደስ እንዳይላቸው።) ሁለተኛው ተቃውሞ «ካርዱ ራሱን ይጠብቃል» ይላል። ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ካርዶች 87 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ይህ ግን ቅነሳው አይቀርም፣ የሚቀረው የእናንተ ምርጫ ነው ማለት ነው፤ ካርዱ በገዛ ጊዜው፣ ያውም ጠላት በር ላይ ሲደርስ ይቀንሰዋል። ደግሞም መሞቅና መቀዝቀዝ ሲደጋገም ደካማ ማያያዣን ይሰነጥቃል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በታየ የማሸጊያ ድክመት ሰበብ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ ራሱ አስታውቋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከረረው ነው፤ «በገንዘቤ የገዛሁትን ኃይል ለምን እቀንሳለሁ?» ይላል። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ ሻጩ በማስታወቂያው የተናገረው ከፍተኛውን ፍጥነት እንጂ ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ የሚቀረውን አይደለምና። ሙቀት ያነቀው ካርድ ግን ያን ኃይል ቀድሞም እየሰጣችሁ አይደለም። ቮልቴጁ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ሳይወዛወዝ ይጸናል፤ ጥቂት ፍሬም ቢጎድል እንኳ የጨዋታው መቆራረጥ ይቀራል። ይህም ሆኖ አሻፈረኝ የሚል ሰው መብቱ ነው፤ ቅጣቱ ጭኑ ላይ ይፈጸማል።

የቀሩት ድንጋጌዎች አጫጭር ናቸው። ትራስና ብርድ ልብስ የላፕቶፑን የሥር መተንፈሻ በመድፈን ጸረ-አየር ተግባር ተፈርጀዋል። በፋኑና በብረት ክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀ አቧራ ይጸዳል፤ በሚነፋበት ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል። የደረቀ ቴርማል ፔስት ይቀየራል። ፈሳሽ ብረት በፔስት ፋንታ ሊቀባ የሚያስብ ሰው ግን ውስጡ ያለው ጋሊየም አልሙኒየምን እንደሚበላና ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አውቆ እጁን ይሰብስብ። ኩሊንግ ፓድ አልታገደም፤ ተራው ሲደርስ ይጠራል።

አዋጁ በመገናኛ ብዙኃን ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። በጨዋታ መሀል ለሚገኙ ዜጎች የያዙትን ዙር እስኪጨርሱ የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷል፤ «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚል ቃል እንደ ማራዘሚያ ማመልከቻ አይቆጠርም።