ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል

የወረዳ ዕቅድ ለምን ወረቀት ላይ እንደሚቀር ማወቅ የሚሻ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ይጎብኝ፤ መልሱም ወረቀት ላይ ቀርቶ ይጠብቀዋል። የጥናቶቹ ስልት የተከበረ ነው። የያማኔ ቀመር (እ.ኤ.አ. 1967) ነዋሪው መቶ ሺህም ይሁን ሚሊዮን፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ለናሙና 400 ሰው ገደማ ይበቃል ይላል። እነሱም «በዕቅዱ ተሳትፌያለሁ» ለሚለው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ዕቅዱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ «3፣ ገለልተኛ» ላይ ምልክት ያደርግና በአኃዝ ተሳታፊ ይሆናል። ከአርንስታይን ባለ 8 እርከን የተሳትፎ መሰላል ላይም ቦታ ይፈለግለታል። ግኝቱ የአቅም ማነስ፣ የበጀት እጥረትና የቅንጅት ጉድለት፤ ምክረ ሐሳቡ ሥልጠናና ተጨማሪ ጥናት። ወረዳውም አላሳፈረም፤ ለቀጣዩ ተመራቂ የትብብር ደብዳቤ ላይ ማኅተም ይመታል። ስለዚህ ዕቅድ አይፈጸምም ብሎ ማማት ነውር ነው፤ ተጨማሪ ጥናቱ በየዓመቱ ሳይጓደል ይፈጸማል።