ከምኑ ነው የሚሻለው?

መድኃኒት ቤት ገብቶ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ አሰልችቶናል። መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ይሄኛው ይሻላል»። ለምን በሽታ? ለማን? ከየትኛው? የሚነግረን የለም። ተሻለ የተባለውም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከፍ ያለው ነው።

ፓራሲታሞልን እንኳ ብንወስድ፣ አገር ውስጥ የተመረተውም ሆነ ከውጭ የመጣው ፓናዶል፣ የተለመደው ፍሬ የሚይዘው ያው 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነው። «የውጭው ይሻላል» ተብሎ ጨምሮ የሚከፍለው የቀን ሠራተኛ ልዩነቱን የማወቅ መብት የለውም? «አይቡፕሮፌን ይሻላል» ሲባልም እንዲሁ ነው። ለጥርስ ሕመምና ለእብጠት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ግን መዘዝ ነው። እንደ ድሬዳዋ የዴንጊ ወረርሽኝ በሚነሳበት ከተማ ደግሞ ትኩሳቱ ዴንጊ ከሆነ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። አንዲት «ይሻላል» ይህን ሁሉ ውጣ ትቀመጣለች።

ከሁሉም የሚያናድደው «ጠንከር ያለ ልስጥህ» የሚለው ነው። አሞክሲሲሊን ደካማ ተብሎ ተጥሎ፣ ሴፍትሪያክሶን በመርፌ ይታዘዛል፤ ያውም ለጉንፋን! ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ነው፤ ሁለቱም አይነኩትም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚመረጠው በጉልበቱ ሳይሆን በሽታውን ያመጣውን ጀርም ለይቶ በመምታቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሞክሲሲሊንን በመጀመሪያ ከሚታዘዙት፣ ሴፍትሪያክሶንን ደግሞ ጀርሞች እንዳይለምዱት ቁጥጥር ከሚያስፈልጋቸው የመደበው ለዚሁ ነው። ያለቦታው ሲሰጥ ከርሞ፣ ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ሲመጣ ባይሠራስ?

ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የምንለው እኛው ነን። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ኦአርኤስና ዚንክ ሲሰጠን «ዱቄት ብቻ? የተሻለ የለም?» እንላለን። ያ ዱቄት ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው እየተካ ስንቱን ሕፃን ከሞት አትርፏል! ዚንኩም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚወሰድ አስረግጦ የሚነግራት ስለሌለ፣ እናት በሦስተኛው ቀን ትተወዋለች።

እኛ የምንለምነው ረጅም ትምህርት አይደለም። «ጨጓራ አለብዎት? እንግዲያው ፓራሲታሞሉ ለእርስዎ ይሻላል፤ ርካሹም ያው ነው» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?