ዜና ዕረፍት፦ አቶ ዜንደር ዘቆሰበር

የሟች አጭር የሕይወት ታሪክ። አቶ ዜንደር ከአባታቸው ከአቶ ብሉቱዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚሞሪ ካርድ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ ከቻይና ስልኮች ጋር ወደ ሀገር ቤት ገብተው፣ በአዊ ዞን ርእሰ ከተማ በቆሰበር፣ በወረቀት ስሟ በእንጅባራ፣ ኑሯቸውን መሠረቱ። ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም፣ የሠርግ ቪዲዮና አፕ ከስልክ ወደ ስልክ በማመላለስ ተማሪውን፣ ገበሬውን፣ ከሰል ነጋዴውንና የመናኸሪያ ረዳቱን ያለ አድልዎ አገለገሉ። ባደረባቸው ሕመም በፀበልም በፎርማትም ሲረዱ ቆይተው በቅርብ ዓመታት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለቀስተኛ እንዳይደናገር አንድ ነገር ይታወቅ፤ የምንቀብረው አፑን አይደለም፣ እሱ ዛሬም ፕሌይስቶር ላይ ተቀምጦ ማስታወቂያ ያሳያል። የምንቀብረው በስሙ ስንጠራው የኖርነውን ልማድ ነው፦ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ጎን ለጎን አድርገው፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ሳንቲም፣ ያለው ለሌለው የሚያካፍልበትን። ሟች በሕይወት ሳሉ የድሃ መላ እየተባሉ ይናቁ ነበር። በዚህ አልስማማም። ከዘመናዊ ስልክ ምን መጠበቅ እንዳለብን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ትምህርታቸውም የአፕ መደብሩ አሁን ከሚያስተምረን ይሻላል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ሰኔ 1999 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ወር አሜሪካ ውስጥ ሰው የመጀመሪያውን አይፎን ለመግዛት ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ሲያድር፣ እኛ ዘንድ ስልክ የጽሑፍ መልእክት እንኳ አይልክም ነበር። አገልግሎቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው ሚሌኒየሙ ሲብት፣ በመስከረም 2000 ነው። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በሐምሌ፣ አፕል የአፕ መደብሩን በ500 ገደማ አፖች ሥራ አስጀመረ። እነዚያ አፖች የተሠሩት ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። ታች ስልክ ኋላ ቆሰበር ሲደርስ የተቀበለው ሰው ግን እምነቱ ሌላ ነበር፤ ኔትወርክ የሚመጣና የሚሄድ፣ ሲመጣም ስክሪኑ አናት ላይ ኢ የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል አስቀድሞ የሚንፏቀቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከአፕ የሚፈልገው ግልጽ ነበር፤ አንዴ ከተጫነ በራሱ ይቁም። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ግጻዌ፣ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ አጽዋማትን የሚያሰላ የቀን መቁጠሪያ፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ኪቦርድ፤ እነዚህ ከሰው በተወሰዱበት ቀን ሙሉ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም ምንም አይለምኑም። አፕ የሚመዘነውም በኮከብ ብዛት ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ሜጋ ነው?" ነበር። ይህ የኋላ ቀር ሰው ግምት ቢሆን ኖሮ ፌስቡክ በ2007 ዓ.ም. ለደካማ ኔትወርክና ለርካሽ ስልክ ብሎ የቀነሰውን ፌስቡክ ላይትን ባላወጣም ነበር። ግዙፉ ኩባንያ ዘግይቶ የደረሰበትን የመናኸሪያ ረዳቱ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ሥርዓቱን ላላየው ትውልድ መግለጽ የዘካሪ ግዴታ ነው። ላኪው "ላክ" የሚለውን፣ ተቀባዩ "ተቀበል" የሚለውን ይነካል። የአንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ የሌላው ይፈልጋል። "መጣልህ?" "አልመጣም።" "ዋይፋይህን አጥፍተህ አብራው።" "ቴክኖ የሚል መጥቷል።" "እኔ ነኝ፣ ንካው!" በአባታቸው በብሉቱዝ ዘመን አንድ ዘፈን ለመላክ ግማሽ ደቂቃ ያህል መቆም ነበረብን፣ ፊልምማ ጨርሶ አይታሰብም፤ አቶ ዜንደር በዋይፋይ ሲመጡ ፊልሙ ቡናው ሳይፈላ ይገባ ጀመር። ከዚያ ትልቁ ድርድር ይከተላል፦ ቦታ የለም። ተቀባዩ የሚያጠፋውን ሲመርጥ ላኪው ከጎኑ ሆኖ ያማክረዋል፤ "ይቺን አጥፋት፣ እኔ ጋ አለች፣ ስትፈልግ እመልስልሃለሁ።" ይህች አነጋገር የዋዛ አይደለችም። ጉግል በወር የሚያስከፍልበትን ማከማቻ ቆሰበር በጎረቤት ሚሞሪ ላይ በነፃ ዘርግታው ነበር ማለት ነው። ማን ምን እንዳለው ይታወቃል፤ የሕንድ ፊልም ከእገሌ፣ መዝሙር ከእገሊት፣ የኳስ ጌም ከተማሪዎቹ።

የክርክሬ ዋና ፍሬም እዚህ ላይ ነው። ያኔ እያንዳንዱ አፕ ሰጪ ነበረው። ኢሞ አልከፍት ብሎ አረብ ሀገር ካለች እህት ጋር የተያዘው ቀጠሮ ቢበላሽ፣ አቤቱታው የሚቀርብለት ሰው መልኩም ቤቱም ይታወቃል። ሰጪው ያፍራል፣ ያስተካክላል፣ ካልቻለም ወደሚችለው ይመራል። "ዘፈንና አፕ እንጭናለን" ብሎ በሩ ላይ የለጠፈው ልጅ እንኳ ያበላሸውን ስልክ ባለቤት በማግስቱ እዚያው በር ላይ ያገኘዋል። መደብሩ ይህን ዝምድና በኮከብና በማያውቁን ሰዎች አስተያየት ተክቶታል። ውጤቱ ምን ሆነ? በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ የባትሪ መብራት አፕ ላይ ክስ አቅርቦ ነበር፤ በአሥር ሚሊዮኖች ስልኮች ላይ የተጫነው ይህ አፕ ብርሃን ከማብራቱ ጎን ለጎን ሰውየው የት እንዳለ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል ተገኝቷል። ይህ አፕ በመደብሩ ዋና በር፣ በክብር የገባ ነው። የስልኩ ማስተካከያ ግን እሱን ታማኝ ብሎ ተቀብሎ፣ የአክስትህ ልጅ የላከልህን መዝገበ ቃላት "ምንጩ ያልታወቀ" በሚል መዝገብ ያስጠነቅቅበታል። በቆሰበር ሚዛን ምንጩ የማይታወቀው የትኛው እንደሆነ ለለቀስተኛው እተወዋለሁ።

ሟችን የገደላቸው ምንድን ነው ለሚለው ብዙ ሰው ዳታ ረከሰ ብሎ ያልፋል። እውነትነት አለው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ሲቀንስ ሕመማቸው ጀመረ፤ ቴሌግራም ፊልሙን ሙሉውን ማመላለስ ሲጀምር ባሰባቸው። ሰው የማይጠረጥረው ግን ሦስተኛው ነው። ጉግል ከነሐሴ 2013 ጀምሮ አዲስ አፕ ወደ መደብሩ የሚገባው በአንድ ፋይል መሆኑ ቀርቶ በጥቅል መልክ እንዲሆን አዘዘ። መደብሩ ጥቅሉን እየፈታ ለእያንዳንዱ ስልክ በስክሪኑ፣ በፕሮሰሰሩና በቋንቋው ልክ ይቆርጥለታል። ለአውራጁ መልካም ነው፣ ሜጋባይት ይቆጥባል። ነገር ግን ከእኔ ስልክ የተቀዳው ቁራጭ ላንተ ስልክ አይሆንም፤ ዋናው ፋይል ብቻ ሲላክ ብዙ ጊዜ "አፕ አልተጫነም" ብሎ ይመለሳል። ማንም አትስጡ ብሎ አልከለከለም። የሚሰጠው ነገር ግን ሳይታወቅ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰፋ ሆነ።

ከለቀስተኛው መካከል የሚያጉረመርም እንዳለ ይሰማኛል፤ ሟች ቫይረስ አስተላላፊ ነበሩ ይላል። ነበሩ። የተነካካ አፕ ከስልክ ስልክ ሲዛመት ከሰጪው ይሉኝታ በስተቀር የሚያቆመው አልነበረም፣ ይሉኝታ ደግሞ ቫይረስ አይፈትሽም። ይሁንና ጥፋቱ የመስጠቱ ነው ወይስ የማኅተም አለመኖር? ጉግል ራሱ በሰኔ 2010 ለመደብሩ አፖች ማኅተም ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ አፑ ከሰው ወደ ሰው ያለ ኢንተርኔት ቢተላለፍም ስልኩ ማኅተሙን አይቶ ከመደብሩ የወጣ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ነው። እጅ በእጅ መስጠትን ከነደኅንነቱ ማቆየት ይቻል እንደነበር የመሰከረው መደብሩ ነው። ሌላው ደግሞ ሰጪው ራሱ ወጥመድ ይሆናል ይላል፣ ይህም ልክ ነው። ስልክ የሚጭነው ልጅ ለደንበኛው የጂሜይል አካውንት ይከፍትና ይለፍ ቃሉን ከራሱ በቀር ማንም አያውቀውም፤ ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ደግሞ ስልኩ በሪከቨሪ በኩል ፎርማት ሲደረግ የቀድሞውን አካውንት ካልነገራችሁኝ አልከፍትም ይላል። ልጁ ባሕር ዳር ሄዷል። ስልኩ ግርግዳ ላይ የሚሰቀል መስታወት ሆኗል። ይህን ዕዳ ከሟች መዝገብ ላይ አልፍቅም።

የዘፋኞቹ ክስ ከሁሉም ይከብዳል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት አልፈውት ሳለ፣ አልበም በወጣ ሳምንቱ በየሚሞሪው ላይ በነፃ ይገኝ ነበር፤ ያቀናበረውም የዘፈነውም ከዚያ ሳንቲም አላዩም። ካሴትም ይገለበጥ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ሌባን በሌባ ማጽዳት ይሆናል። እዚህ ላይ ሟች በደለኛ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ክሱ ግን የሚነካው የተሰረቀውን ዕቃ ነው። ባለቤቱ በነፃ የሰጠውን መዝገበ ቃላትና ግጻዌ፣ ቤተሰብ ራሱ የቀረጸውን ሠርግ ማመላለሱን አይነካም፤ ሟች ከተሸከሙት ሸክም ደግሞ ይህ ቀላሉ አልነበረም።

በመጨረሻ የሚመጣው ተቃዋሚ ትምህርት ቤት የገባው ነው፤ "ድህነትን እያሞገስክ ነው፣ ኔትወርክ ቢኖር ማን ስልክ ያሻሽ ነበር?" ይላል። ኔትወርክ ቢኖር የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቁም። በ2009 ለፈተና ተብሎ፣ በሰኔ 2011 ደግሞ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ቀጠለ። በዚያ ጊዜ የመደብሩ አፕ ተከፍቶ ጎማ ሲያሽከረክር ይውላል፤ አፕ የመሰለን ሌላ ቦታ ወዳለ ቤት የሚያስገባ በር ብቻ ነበር። የሚሠራው በሟች ዘመን ደንብ የተሠራው ነው፦ ግጻዌው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ ሚሞሪ ላይ ያለው መዝሙር። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ሲጀመር ከአፑ ጎን *127# የሚለውን መንገድ ማስቀመጡ የሚመሰገን ነው፤ አፑ ዳታ ሲያጣ ቁጥሩ ይሠራል። የገንዘብ አፕ ከጎረቤት ስልክ ይቀዳ የሚል ጅል የለም፣ እኔም አልልም። የምለው አፕ ሠሪ ሁሉ "ኔትወርኩ ቢጠፋ ይህ ነገር ምን ይሠራል?" ብሎ ይጠየቅ ነው፤ ያኔ ይህን ጥያቄ ማንም ሳያስተምረው እያንዳንዱ ተቀባይ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ስለ ውርስ። አዊኛ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተናጋሪ የነበረው ቋንቋ ነው። በዓለም ሕዝብ አውራጅነት ደረጃ የሚያወጣ መደብር ይህን ያህል ሰው ከፊት ገጹ አያደርሰውም። በሟች እጅ ግን ደረጃ የሚባል አልነበረም፤ የአዊኛ ዘፈን የሚሄደው የሚሰማው ሰው ወዳለበት ነው፣ ከቆሰበር ዳንግላ፣ ከዳንግላ ቻግኒ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ፈረሱን፣ ጋላቢውን፣ አቧራውን የቀረጹ ስልኮችም ምሽቱን ይህንኑ ሲለዋወጡ ያመሻሉ። ከእነዚያ ቀረጻዎች የትም ሳይጫኑ 8 ጊጋ ሚሞሪ ላይ የቀሩ አሉ። እናታቸው ወይዘሮ ሚሞሪ ካርድ ልጃቸውን ቀብረው በሕይወት አሉ፣ ማረፊያቸው ግን እየጠበበ ነው፤ ሳምሰንግ በጥር 2013 ኤስ 21ን ሲያወጣ የካርዱን ቀዳዳ አስቀርቶታል። ስለዚህ የእድሩ ጸሐፊ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት ያስተላለፉት ማሳሰቢያ አለ። የድሮ ሚሞሪ በመሳቢያም በመቀነትም ያስቀመጠ ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ ካርድ ሪደር ያለው በቀኝ በኩል ካለው አግዳሚ ይቀመጥ፣ ቦታ የሞላበት ደግሞ የሚያጠፋውን ከወዲሁ ይምረጥ።